ከውዳቂ ዕቃ የነፍሳት ቤት፦ የሚጠቅመው ማንን ነው?

በብዙ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አንድ ሳጥን ቆሞ ይታያል። ከአሮጌ ጣውላ የተመታ ነው። ውስጡ በሸምበቆ ቁራጭ፣ በተበሳሳ ግንድ፣ በጡብ ስባሪ፣ በደረቅ ቅጠልና በባዶ ጣሳ ተሞልቷል። ልጆች ከመምህራቸው ጋር የሠሩት የነፍሳት መጠለያ ነው፤ ብዙዎች «የነፍሳት ሆቴል» ይሉታል።

ይህ ትንሽ የእጅ ሥራ ሦስት ትልልቅ ተስፋዎችን ተሸክሟል። መኖሪያ ያጡ ነፍሳት ቤት ያገኛሉ፤ ልጆች ተፈጥሮን ያውቃሉ፣ ይወዳሉ፤ ሊጣል የነበረ ዕቃም ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ሦስቱም በጎ ተስፋዎች ናቸው። ክርክሩ ላይ ግን ይደባለቃሉ፤ አንዱ ሲጠየቅ በሌላው ይመለሳል። «ንቦቹ በእርግጥ ገብተዋል?» ሲባል «ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል» ይባላል፤ «ልጆቹ ምን ተማሩ?» ሲባል ደግሞ «ቆሻሻ ቀንሰናል» የሚል መልስ ይመጣል። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ለየብቻ ነጥሎ፣ ለእያንዳንዱ ያለውን ማስረጃ ይመዝናል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ሥሮች

ነፍሳትን በተዘጋጀ ጎጆ ማኖር የተጀመረው ለመንከባከብ ሳይሆን ለማየት ነበር። ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዣን ኦንሪ ፋብር ኦስሚያ የተባሉትን ንቦች ወደ ሥራ ክፍሉ አምጥቶ ሸምበቆና የመስታወት ቱቦ አቀረበላቸው፤ ጎጆ ሲሠሩ በመስታወቱ ውስጥ እያየ መዘገበ። ያየውን ከ1879 ጀምሮ በአሥር ቅጽ አሳትሟል። የእሱን መንገድ የተከተሉ ሳይንቲስቶች በየአገሩ ቀዳዳ እየበሱ ማን እንደሚገባበት መቁጠር ቀጠሉ። አሜሪካዊው ካርል ክሮምባይን በ1967 ያሳተመው የብቸኛ ንቦችና ተርቦች ጥናት የተመሠረተው በተበሱ የእንጨት ቁርጥራጮች ላይ ነው፤ እስከ ዛሬም የዘርፉ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው ሥር የገበሬ ነው። በሰሜን ጃፓን በአዎሞሪ የፖም አትክልተኞች ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሸምበቆ ነዶ እያሰሩ አንዲት የኦስሚያ ዝርያን ማርባት ያዙ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ፖም የሚያብበው ገና ቅዝቃዜ ሳይለቅ ነው፤ ይህች ንብ ደግሞ የማር ንብ ቀፎዋን ለቃ በማትወጣበት ብርድ ትሠራለች። እዚህ መጠለያው በፍሬ ይለካል፤ ፍሬ ከያዘ ሠርቷል፣ ካልያዘ አልሠራም። የጠራ መለኪያ ነው። በኋላ የመጡት የትምህርት ቤት ሳጥኖች እንዲህ ያለ መለኪያ ኖሯቸው አያውቅም።

ሦስተኛው ሥር የመምህራን ነው። ፍሪድሪሽ ፍሮብል ጀርመን ውስጥ ለመሠረተው የሕፃናት ማቆያ በ1840 ስም ሲያወጣ «የልጆች አትክልት ስፍራ» አለው፤ ልጆቹም የየራሳቸውን ትንሽ መደብ እየኮተኮቱ እንዲያድጉ አደረገ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ አና ቦትስፎርድ ኮምስቶክ በ1911 ለመምህራን ባዘጋጀችው የተፈጥሮ ጥናት መመሪያ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደጅ እንዲጀመር ተሟግታለች። ለእነዚህ ሰዎች ዋናው ጉዳይ የልጁ ዓይን ነበር፤ የነፍሳቱ ቁጥር ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አልጠየቁም።

ሦስቱ ሥሮች የተገናኙት ባለፉት አርባ ዓመታት ነው፤ በተለይ በጀርመን። የዱር ንቦች መመናመን ሲያሳስብ የጥበቃ ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና የአትክልት ዕቃ ሻጮች በአንድ ሳጥን ዙሪያ ተሰበሰቡ። በ2017 ከክሬፌልድ የነፍሳት ተመራማሪዎች ማኅበር የወጣ ጥናት በ63 የጀርመን ጥብቅ ቦታዎች የበራሪ ነፍሳት ክብደት በ27 ዓመት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ መቀነሱን ሲያሳይ ስጋቱ ጨመረ። ግን ከሦስቱ ሥሮች ሦስት የተለያዩ ዓላማዎች አብረው ስለመጡ፣ አንዱ «ሠርቷል» ሲል ሌላው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።

ማን ነው የሚገባው?

ንብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀፎ፣ ማርና መንጋ ነው። በዓለም ከታወቁት 20,000 ገደማ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን ማር አያከማቹም፤ ንግሥትም ሠራተኛም የላቸውም። እያንዳንዷ እናት ጎጆዋን ራሷ ትሠራለች፣ ስንቁን ራሷ ትለቅማለች፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች፤ ልጆቿን አታይም። ብቸኛ ንቦች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የምትጠብቀው የማር ክምችት ስለሌላት ብቸኛ ንብ በእጅ ተይዛ ካልተጨመቀች በቀር ሰው አትነድፍም ማለት ይቻላል። መምህራን ሕፃናትን አጠገቧ ለማስጠጋት የደፈሩትም ለዚህ ነው።

ከንብ ዝርያዎች ከአሥሩ ሰባቱ ገደማ አፈር ቆፍረው የሚኖሩ ናቸው። ከቀሪዎቹ በተዘጋጀ ቀዳዳ የሚገቡት፣ ማለትም ጢንዚዛ በበሳው እንጨት፣ በክፍት አገዳ ወይም በግድግዳ ስንጥቅ የሚኖሩት፣ ጥቂት ናቸው። የሸምበቆ ሳጥን የሚያገለግለው እነዚህን ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ነገሩ ምስጢር አይደለም፤ ግን በልጆች የሥራ መመሪያዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ኦስሚያ እናት አንድ ቀዳዳ መርጣ ከበስተኋላው ትጀምራለች። የአበባ ብናኝ ከቀሰመችው ጣፋጭ ጋር ለውሳ ትከምራለች፤ በላዩ አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ ክፍሏን በጭቃ ትዘጋለች። ቀጥሎ ሌላ ክፍል፣ ቀጥሎ ሌላ፣ እስከ ደጃፉ ድረስ። ቅጠል ቆራጭ ንቦች በጭቃ ፈንታ ክብ ክብ አድርገው በቆረጡት ቅጠል ይጠቀልላሉ። በውስጥ በኩል ያሉት ክፍሎች የሴቶች፣ ወደ ደጃፉ ያሉት የወንዶች ናቸው፤ ወንዶቹ ቀድመው ይወጣሉ፣ ሴቶቹን ውጭ ይጠብቃሉ። ፋብር ያስተዋለው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳው ሲያጥር እናትየዋ የምትጥለው በአብዛኛው ወንድ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው የሚባለው ለዚህ ነው። ከሱቅ የሚገዛ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ሞልቶ ቢታይም የሚያወጣው ትውልድ እናቶች ሊያንሱት ይችላሉ። የቀዳዳው ስፋት ደግሞ ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን የተለያዩ ዝርያዎችን ይጠራል።

ሌላ የሚዘነጋ ልዩነት አለ፤ ልጅ ማሳደጊያና መደበቂያ አንድ አይደሉም። ብቸኛ ንብና ብቸኛ ተርብ ሳጥኑን የሚፈልጉት ለልጆቻቸው ነው። ክንፏ እንደ መረብ የሳሳው አረንጓዴዋ ክሽክሽ በል ነፍሳት ግን ጭድ የሞላበት ሳጥን የምትገባው ክረምቱን ለማሳለፍ ነው፤ የአውሮፓ አትክልተኞችም ጭድ የሞሉትን የሸክላ ማሰሮ ደፍተው ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት ቀን ቀን ተሸሽገው ሌሊት ክሽክሽ የሚለቅሙ ነፍሳትን ለመሳብ ነው። የበሰበሰ እንጨት የሚበሉ የጢንዚዛ እጮች ደግሞ እርጥበት ይሻሉ። ሁሉንም በአንድ ሳጥን ማኖር ለዓይን ያማረ ይሆናል፤ ግን የበሰበሰው እንጨት የሚፈልገው እርጥበት ከላዩ ላለችው ንብ የሻጋታ ምንጭ ነው። በልጆች የሚሠሩት ትልልቅ «ሆቴሎች» የሚወድቁት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለነፍሳቱ ይጠቅማል ወይ?

ይጠቅማል የሚሉት ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ጀርመን ውስጥ ሽቴፋን ዴቨንተርና ሺለ በ2008 ባሳተሙት ሥራ በአሮጌ የፍራፍሬ ሜዳዎች ለአንዲት ኦስሚያ የሸምበቆ ጎጆ ሲጨመርላት ቁጥሯ ከዓመት ዓመት አድጓል። የሚያንሳት ምግብ ብቻ አልነበረም፤ ማደሪያም ጭምር ነበር። የጃፓን አትክልተኞች የብዙ አሥርት ዓመታት ልምድም ያንኑ ይመሰክራል።

ግን ይህ ስለ አንድ የሚታወቅ እንግዳና ለእሱ ስለ ተሠራ ቤት የሚናገር ማስረጃ ነው። በእንግሊዝ ሼፊልድ ኬቨን ጋስተንና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት የጓሮ ሙከራ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። ለብቸኛ ንቦችና ተርቦች የተሰቀሉት ቀዳዳዎች ተይዘዋል። ለጸጉራማዋ ባምብልቢ የተዘጋጁት ጎጆዎች ግን ባዶ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ በተደረገ ሰፊ ሙከራም ባምብልቢዎች የተቀመጡባቸው ሰው ሠራሽ ጎጆዎች ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። የባምብልቢ ሳጥን ግን ዛሬም ይሸጣል፤ ልጆችም ይሠሩታል። በጓሮ ውስጥ «የነፍሳት መጠለያ ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብሎ በጥቅሉ መናገር ትርጉም የሚያጣው ስለዚህ ነው።

የተጠራጣሪዎቹ ዋና ምሰሶ የቶሮንቶው ጥናት ነው። ስኮት ማካይቨርና ሎረንስ ፓከር በሦስት ዓመት ውስጥ 600 የሚጠጉ የንብ ሆቴሎችን ተከታትለው ውጤቱን በ2015 አሳተሙ። ከ27,000 በላይ ንቦችና ተርቦች ተመዘገቡ። ከንቦቹ መካከል ከመቶ 47ቱ ከሌላ አህጉር የመጡ ዝርያዎች ነበሩ። አገር በቀሎቹ ንቦች ከመጤዎቹ ይበልጥ በጥገኛ ነፍሳት ተጠቅተዋል። በየዓመቱ ከሆቴሎቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን የያዙት ደግሞ አገር በቀል ተርቦች ናቸው። በማርሴይም ከምሥራቅ እስያ የመጣችው ትልቅ ሙጫ ለቃሚ ንብ፣ በአውሮፓ መጀመሪያ የታየችው በ2008 እዚያው አካባቢ ነው፣ በተሰቀሉት ሆቴሎች በብዛት ገብታ ተገኝታለች። መጠለያው ሊረዳ ያሰበውን ሳይሆን ተፎካካሪውን እያሳደገ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ጥናት «ሆቴሎቹን አውርዱ» ብለው የሚያነቡት አሉ። ንባቡ የቸኮለ ይመስለኛል። ተርብ ገባ ማለት ሳጥኑ ከሸፈ ማለት አይደለም፤ ብቸኛ ተርብ ሸረሪት፣ ክሽክሽ ወይም አባ ጨጓሬ አደንዝዛ ለልጇ ስንቅ የምታደርግ የአትክልት ጠባቂ ናት። ተርብን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ሰው ንብን ለአበባዋ ብቻ የሚወድ ነው። የጥናቱ እውነተኛ ክብደት ሌላ ቦታ ነው፤ ሳጥን ከመስቀል በፊት በአካባቢው ማን እንዳለ ማወቅና ከሰቀሉ በኋላ ማን እንደገባ መቁጠር ግድ ይላል። ያልተቆጠረ ሳጥን ለጥበቃ ምንም አይናገርም።

ከሁለቱም ወገን በላይ የሚመዝን ግን የምግብ ጉዳይ ነው። ጋትማንና ቻርንትከ በ2002 እንዳሳዩት ብቸኛ ንቦች ከጎጆአቸው የሚርቁት ቢበዛ ከ150 እስከ 600 ሜትር ነው። በዚያ ክልል ውስጥ ቅደም ተከተል ይዞ የሚያብብ ነገር ከሌለ የተዋበው ሳጥን ባዶውን ይቀራል። ሳጥን የሚሠራ ክፍል አብሮ አበባ ካልዘራ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል። ሲሳካም የሚገቡት በአብዛኛው የተለመዱ፣ ብዙ ዓይነት አበባ የሚቀስሙ ዝርያዎች ናቸው፤ ሊጠፉ የተቃረቡት በሸምበቆ አይድኑም።

ውዳቂው ዕቃ

ሸምበቆና ጣውላ መግዛት ስለሚቻል፣ ከተጣለ ነገር መሥራት የራሱ ምክንያት ያስፈልገዋል። የአካባቢ ጥበቃ መምህራን ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልጁ ቆሻሻ የሚባል ነገር ለሌላ ፍጡር ቤት ሲሆን ካየ፣ ለመጣል ያለው ችኮላ ይቀንሳል። የነፍሳት ባለሙያዎች ስጋትም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው፤ የተጣለው ዕቃ የተጣለበት ምክንያት ለነፍሳቱም ይተርፋል። ክርክሩን ለመፍታት ዕቃውን በየዓይነቱ ማየት ይበጃል።

ጣሳ ጥሩ መያዣ ነው፤ ዝናብ ይከላከላል፤ ውስጡ ግን መሞላት አለበት። የሳልሳ ጣሳ ጥልቀቱ አጭር ስለሆነ ረዘም ያለው የዱቄት ወተት ጣሳ ይሻላል። የተቆረጠው ጠርዙ ለልጆች ጣት አደገኛ ነው፤ አዋቂ በፋይል ሊሞርደው ይገባል። ላስቲክና ፕላስቲክ ቱቦ ግን አይበጁም። አይተነፍሱም፤ የእጩ ስንቅ እርጥበት ውስጡ ይታጎራል፣ ይሻግታል። የሃይላንድ ጠርሙስ እንደ ውጭ ሽፋን ቢያገለግል እንኳ ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ ይግላል፤ ጥላ ካልተደረገለት ጉዳቱ ያመዝናል።

ወረቀት ጥሩ ነገር ነው። ጋዜጣ በእርሳስ ላይ ጠቅልሎ መሳብ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ ይሰጣል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሊሠራው ይችላል፤ ኋላው ተጣጥፎ መዘጋት አለበት። ስስ ከሆነ ግን ጥገኛ ተርብ እንቁላል መጣያዋን በወረቀቱ አሳልፋ እጩን ትወጋለች። ስለዚህ ብዙ ዙር ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ መታሸግ ይኖርበታል።

እንጨት ሲባል ብዙ ጊዜ የተጣለ ፓሌት ነው። ጭነት ተሸክሞ ድንበር የተሻገረ ፓሌት በእንጨቱ ላይ ማኅተም አለው። ኤችቲ የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፤ ኤምቢ የሚል ከሆነ ግን በሜቲል ብሮማይድ ታጥኗልና ለልጅም ለነፍሳትም አይሆንም። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ጣውላም ይቅር። ሲበሳ ከግንዱ ጎን እንጂ ከተቆረጠው ፊት አይበሳም፤ ፊቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ለሻጋታና ለጥገኛ በር ይከፍታል። የቀዳዳው አፍ በብርጭቆ ወረቀት ካልለሰለሰ ስንጣሪው የንቧን ክንፍ ይቀድዳል። መሰርሰሪያው የአዋቂ ሥራ ነው፤ ማለስለሱ የልጅ።

ስለ ቀሪው መሙያ ጀርመናዊው የዱር ንብ ባለሙያ ፓውል ቬስትሪሽና ሌሎች ደጋግመው ሲተቹ ቆይተዋል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ፣ የጡብ ሰፋፊ ቀዳዳ፣ የእንጨት ብናኝ ለንብ አይረቡም፤ ሳጥኑን ሞልተው ያሳምሩታል እንጂ የሚገባባቸው ቢኖር ሸረሪት ነው። ትችቱ ልክ ነው። እኔ ግን ለልጆች ሲሆን አንድ ነገር ይታለፋል እላለሁ፤ ሕፃን ልጅ ያገኘውን ሁሉ ማስገባት ይፈልጋል። ለዚህ መፍትሔው መከልከል አይደለም፤ ሁለት ሳጥን መሥራት ነው። አንዱ ደረቅ፣ ለንብ በልክ የተሠራ። ሌላው ከታች መሬት ላይ፣ ቅጠል፣ ድንጋይና የበሰበሰ ጉቶ የተከመረበት። ሁለቱን ሳምንት በሳምንት ማወዳደር ራሱ ትምህርት ይሆናል።

ልጆቹስ?

ልጆች ላይ ያለው መነሻ ስጋት የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ማይክል ፓይል «የልምድ መጥፋት» ያለውን ሐሳብ አቀረበ፤ የአካባቢው ፍጡር ሲጠፋ ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነት ይጠፋል፤ ግንኙነቱ ሲጠፋ ደግሞ ስለ ቀሪው የሚያስብ ይቀንሳል። በ2002 አንድሩ ባልምፎርድና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ባደረጉት ጥናት የስምንት ዓመት ልጆች ፖክሞን ከተባሉት የካርቱን ፍጡራን ምስሎች ሰማንያ በመቶውን ያህል ለይተዋል፤ ከአካባቢያቸው የተለመዱ እንስሳትና ዕፅዋት ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ። ይህ በብዛት የሚጠቀስ ጥናት የልጆችን ጉድለት ያሳየ ተደርጎ ይነበባል። ለእኔ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ልጆች መቶ ፍጡራን መለየት ይችላሉ፤ የሚያሳያቸው ነው የጎደለው።

ለነፍሳት ጉዳይ ይበልጥ የቀረበው የፉካኖና የሶጋ የ2021 ሥራ ነው። ወደ 13,000 በሚጠጉ ጃፓናውያን ላይ ባደረጉት ጥናት የከተማ ኑሮ ነፍሳትን መጸየፍን በሁለት መንገድ ይጨምራል። ሰው ነፍሳትን የሚያየው ደጅ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ይሆናል፤ ዝርያዎቹን መለየት ስለማይችልም ጸያፉንም ጸያፍ ያልሆነውንም አንድ ላይ ይጸየፋል። መጠለያው በሁለቱም ላይ ይሠራል። ነፍሳቱ በራሳቸው ቦታ፣ ደጅ ላይ፣ እንዲታዩ ያደርጋል፤ ልጁንም «ይህች ማናት? ያችስ?» ወደሚል ጥያቄ ያስገባል። ጥያቄው ግን የሚመጣው ሳጥኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ሳይሆን ወራት ቆይቶ፣ ሲጎበኝ ነው።

የትምህርት ማስረጃው ደካማ የሚሆነውም እዚህ ነው። በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ላይ የሚደረጉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ከሥራው በፊትና በኋላ ይጠይቁታል። የልጁ እውቀት ይጨምራል፣ ፍርሃቱ ይቀንሳል። እውቀት፣ ስሜትና ድርጊት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኦስሚያ ጭቃ እንደምትጠቀም የሚያውቅ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ ጓሮውን ሲሚንቶ ያደርግ አያድርግ የሚነግር ጥናት ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሳጥን መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ በውስጡ ያለው ሕይወት ግን ዓመት ይፈጃል። የእናትየዋ የግንባታ ወቅት፣ የእጩ ማደግ፣ ከዚያ ረጅሙ ዝምታ፣ ከዚያ መውጣት። የትምህርት ዓመት ከዚህ ጋር አይገጥምም፤ ሳጥኑን የሠራው ክፍል ንቦቹ ሲወጡ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛውሯል። ይህን ለመሻገር አንዳንዶች የፋብርን ሐሳብ መልሰው አምጥተዋል፤ ጣውላ ላይ ቦይ ቦይ አውጥተው በመስታወት ይሸፍኑታል፣ ከላይ ደግሞ የሚነሳ የእንጨት ክዳን ያደርጋሉ። ክዳኑን ለአፍታ ብድግ ሲያደርጉ ክፍሎቹ፣ ስንቁ፣ እጩ ይታያሉ። ከሁሉም ንድፎች ለልጅ የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ የሚታይ ቦይ ከመቶ የማይታይ ሸምበቆ የበለጠ ያስተምራል።

ባዶ የቀረ ሳጥንስ? አንዳንድ መምህራን ልጆቹ እንዳያዝኑ ብለው ይደብቁታል። መደበቁ ያሳዝናል፤ ለምን አልመጡም የሚለው ጥያቄ አበባን፣ ርቀትን፣ ፀረ ተባይ መርጨትን፣ ጥላን ሁሉ ያነሳል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ

እስካሁን የተጠቀሰው ማስረጃ በአብዛኛው ብርዳማ ክረምት ካለባቸው አገሮች የመጣ ነው። እንዳለ ቢገለበጥ አይሠራም። ባምብልቢ ከሰሃራ በታች የለችም። «በክረምት ቱቦዎቹን አጽዱ» የሚለው ምክር እዚያ በረዶ ሲሆን እዚህ የሐምሌ ዝናብ ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ የአበባው ወራት መስከረምና ጥቅምት፣ አደይ አበባና ኑግ ሜዳውን የሚሸፍኑበት ጊዜ ነው። መጠለያ የሚሠራ ክፍልም ከዚያ በፊት ማሰብ ይኖርበታል፤ ትምህርት ቤት ግን የሚከፈተው በዚያው ወር ነው። ሌላው ምስጥ ነው፤ መሬት የነካ ጣውላና ካርቶን ዓመት አይቆይም። ጉንዳንም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሳጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ በሽቦ መንጠልጠል ይሻለዋል።

ጥቅሙ ግን በግልጽ ይታያል። ኑግ ራሱን በራሱ አያዳቅልም፤ በነፍሳት ላይ የቆመ ሰብል ነው። ባቄላም በንብ ይጠቀማል። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ በ2003 የታተመ የአሌክሳንድራ ክላይንና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ ለአረቢካ ቡና የንብ ዝርያዎች መብዛት ፍሬ መያዝን ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል፤ ጥቂት ዝርያዎች ባሉበት ከመቶ 60 አበባ ፍሬ ሲይዝ፣ ሃያ ያህል ዝርያዎች ባሉበት 90 ደርሷል። የቡና መነሻ አገር ልጆች ብቸኛ ንብን ማወቃቸው ከጨዋታ በላይ ነው።

ዕቃው ላይ ያለው ሁኔታም የተለየ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጣሳና ጠርሙስ ወደ ቆሻሻ መኪና ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን «ቁራሌው» እያለ የሚዞር ሰው ይገዛዋል፤ ቆርቆሮው ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ልጆችም ከሽቦና ከጣሳ መኪና መሥራት ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉ። እዚህ «መልሶ መጠቀም» ትምህርት ሳይሆን ኑሮ ነው፤ ጣሳውን ለንብ መስጠት ዋጋ ካለው ሰንሰለት ማውጣት ይሆናል። በአንጻሩ ያለ ዋጋ የሚጣሉ ጥሩ ነገሮች አሉ፤ ከቀርከሃ ሥራ የተረፈ ቁራጭ፣ ሸምበቆ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የጉሎ ግንድ፣ የፓፓያ ቅጠል ዘንግ። ቀርከሃ ሲቆረጥ አንጓው ከኋላ እንዲቀር ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ አንጓው ራሱ ግድግዳ ይሆናል።

ሌላም አለ። በጭቃ ግድግዳና በሣር ክዳን ቤት ያደገ ሰው፣ ጭቃ በአፏ ተሸክማ ጥግ ላይ ቤት የምትሠራ ተርብን፣ ማገር የምትበሳ ትልቅ ጥቁር ንብን ያውቃል። ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲተኩ እነዚህ ቀዳዳዎች አብረው ይሄዳሉ። በከተማ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን አያቶች የኖሩበትን ግድግዳ በጥቂቱ የሚተካ ነው፤ ልጆች ከሥራው በፊት አያቶቻቸውን ቢጠይቁ ከማንኛውም መመሪያ የተሻለ ዝርዝር ያገኛሉ።

ያልተቋጩት

ጽዳት ላይ ስምምነት የለም። ቱቦዎቹ በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየሩ ብናኝ የሚበሉ መዥገር መሰል ጥቃቅን ተባዮች፣ ሻጋታና ጥገኛ ዝንቦች ይበዛሉ የሚለው ምክር ከንብ አርቢዎች የመጣ ነው። ለእነሱ ጥገኛ ነፍሳት ኪሳራ ነው። የተፈጥሮ ጠባቂዎች ግን ይጠይቃሉ፤ በሌላዋ ጎጆ ገብታ የምትፈለፈል ዝንብም ነፍሳት አይደለችምን? መጠለያው የነፍሳት ከሆነ ማንን ነው የሚያስወጣው? ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነጥብ አለ፤ ሰው ብዙ ጎጆ በአንድ ቦታ ሲያጭቅ ከተፈጥሮ መጠን በላይ ጥገኛ ያበዛል። ስለዚህ ትናንሽ ሳጥኖችን በግቢው መበተን ከአንድ ግዙፍ ሆቴል ይመረጣል።

ሁለተኛውና ትልቁ አፈር ነው። አብዛኞቹ ንቦች የሚኖሩበት አፈር ሆኖ ሳለ የልጆች ሥራ ሁሉ ሸምበቆ ላይ ነው። በፈረንሳይ ሊዮን አካባቢ ተመራማሪዎች የሸምበቆና የእንጨት ሆቴሎችን ለንብ ከተዘጋጁ የአፈር መደቦች ጋር ጎን ለጎን ሞክረዋል። ሁለቱም ተይዘዋል፤ ሆቴሎቹን ግን ሁለት የተለመዱ የኦስሚያ ዝርያዎች ነበሩ የተቆጣጠሯቸው። አፈሩ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይቆምበት፣ ያልተረገጠ ባዶ መሬት። ጣሳ አይፈልግ፣ ጣውላ አይፈልግ። ለልጅ እጅ የሚሠራ ነገር የሌለው መሆኑ ነው ችግሩ፤ ባዶ መሬት ለወላጅ ሲያሳዩት ሥራ አይመስልም። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ የተሻለ መግቢያ አላት። ጣዝማን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣው ማሯ ለመድኃኒት ይፈለጋል። ንብ አፈር ውስጥ ትኖራለች ብሎ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ማስረዳት ከባድ አይደለም።

ክርክሩን ወደፊት የሚያስኬድ ሙከራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በአንድ ትምህርት ቤት ግማሹ ክፍል ሸምበቆ ሳጥን፣ ግማሹ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ባዶ መደብ ይያዝ፤ ሁለቱም ዙሪያቸውን አበባ ይዝሩ፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የተዘጉ ቀዳዳዎችንና አፈር ላይ የተከፈቱ ትናንሽ ጉድጓዶችን ይቁጠሩ። ዓመት ሲሞላ የሚጠየቀው የትኛው ብዙ ንብ አሳደገ የሚለው ብቻ አይሆንም፤ የየትኛው ወገን ልጆች ቆጠራውን ሳይሰለቹ እስከ መጨረሻው ቀጠሉ የሚለውም ይጠየቃል።